ያረጀ ቅኔ

ኑሮን በየቀኑ አዲስ አድርጎ ለመኖር የሚያነሣሣ ሐሳብ ከወዴት ይገኛል? ብዙ ሰዎች ከሩቅ አገር ወይም ከታላላቅ መጻሕፍት ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ በደጃቸው የሚያልፈውን ግን አያስተውሉም።

የቅኔ ተማሪን እንመልከት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ይህ ወጣት፣ በ2 ቤት ከሚፈጸመው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው አይመሰገንበትም፤ የሌላውን ቢወስድ ያፍርበታል። ስለዚህ ዘወትር አዲስ መፍጠር ግዴታው ነው። ሰሙንም የሚያገኘው ካባረረው ውሻ፣ ቁራሽ ከነፈገችው እመቤት፣ ከደረቀው ምንጭ ነው። ችግሩ ራሱ ሰም ይሆንለታል፤ ወርቁን የሚያወጣው ግን ልቡናው ነው።

ይሁን እንጂ ፈጠራ ማለት ልቅ መሆን አይደለም። ልኩን፣ ዜማውንና ቤት መምቻውን ያልጠበቀ ቅኔ፣ ቅኔ አይባልም። ሥርዓት የባለቅኔውን አሳብ ያጸናዋል እንጂ አያስረውም።

እኛስ? መምህሩ ያምናውን ማስታወሻ ለዘንድሮ ተማሪዎች እንዳለ ሲያነብ፣ ሹሙም የባለጉዳዩን ፊት ሳያይ የትናንቱን መልስ ሲደግም፣ ያረጀ ቅኔ መድገማቸው አይደለምን? ይህን የምጽፈው እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ነገር ግን በፊታችን የሚቆመው ሰው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ሕጉ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ሰውን የምናይበት ዓይን ግን በየማለዳው ይታደስ።