የክር ዝሆንና ጣዖት

በኪሮሽ የሚሠራ ዝሆን ከአንዲት ትንሽ የክር ቀለበት ይጀምራል። በቀለበቷ ዙሪያ 6 የክር ዓይን ይሠራል፤ በሚቀጥለው ዙር 12፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24 እያለ ይሰፋል፤ ጭንቅላቱ ሲበቃው ደግሞ እየተቀነሰ ይጠባል። አፉ ሳይዘጋ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፤ ሁለት ዓይኖችም ይተከሉለታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሠሪዋ የያዘችው ጥጥ የታጨቀበት ከረጢት ነው፤ ዓይኖቹ ሲገቡ ግን ቀና ብሎ የሚያያት ፍጥረት ይመስላል። ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 20 በሰማይ፣ በምድርና በውኃ ያለውን ነገር አምሳል መሥራትን ይከለክላል፤ የእስልምናው ሐዲስም ምስል ሠሪዎች በትንሣኤ ቀን በሠሩት ነገር ነፍስ እንዲዘሩበት እንደሚጠየቁ ይናገራል። ታዲያ ይህ የክር ዝሆን በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል ወይ? የልጅ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው ቤቱ ስለሚገባው ነገር ሁሉ ቢጠይቅ እውነት አለው።

ክልከላው ውስጥ አይገባም ባይ ነኝ። ምስል መሥራት ብቻውን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ያው ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 25 የወርቅ ኪሩቤል እንዲሠሩ ባላዘዘ፣ በምዕራፍ 31 ባለእጁን ባስልኤልን የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት ባላለ ነበር። ጥፋቱ የት እንዳለ አጥርቶ የሚያሳየው ኢሳይያስ ነው። በምዕራፍ 44 አንድ ሰው ዛፍ ቆርጦ በእኩሌታው እሳት ይሞቃል፣ እንጀራም ይጋግራል፤ በቀረው አምላክ ሠርቶ ይሰግድለታል። ነቢዩ የሰውየውን የእጅ ሙያ አልነቀፈም፤ የነቀፈው የዚያው ግንድ ግማሽ ምድጃ ውስጥ ዐመድ መሆኑን ልብ አለማለቱን ነው። ጣዖት የሚወለደው እጅ የሠራውን ልብ ሲረሳ ነው። በዚህ ሚዛን ኪሮሽ እንኳን ሊያስረሳ፣ ያስታውሳል። እያንዳንዱ የክር ዓይን የሚጸናው በፊተኛው ውስጥ ተስቦ ስለወጣ ነው፤ የመጨረሻዋ ቋጠሮ ተፈትታ ክሩ ቢጎተት ግንባሩ ዙር በዙር ተተርትሮ እስከ መጀመሪያዎቹ 6 ዓይኖች ይመለሳል። ሹራብ በፋብሪካ ማሽን ይመረታል፤ ኪሮሽ ግን ዛሬም፣ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሳይቀር፣ የሰው እጅ ሥራ ነው።

ሠሪዋ ታስታውስ ይሆናል፤ የሚያናግረው፣ የሚያበላው፣ ሲጠፋበት የሚያለቅሰው ሕፃንስ? የሚል ይኖራል። ለዚህ ከመዲና እናቶች የተሻለ ምስክር አላውቅም። በሰሒሕ አል ቡኻሪ ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ እንደምትተርከው፣ በአሹራ ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ አሻንጉሊት ይሠሩላቸው ነበር፤ ሕፃኑ ምግብ ብሎ ሲያለቅስ እስኪያፈጥር ድረስ ያንን ይሰጡታል። የሱፉ አሻንጉሊት ጾምን አገዘ እንጂ አልተቀናቀነም። በሱነን አቡ ዳውድ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ በባለቤታቸው በአዒሻ አሻንጉሊቶች መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰች፤ እሳቸውም ሳቁ። ብዙ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት የልጆችን መጫወቻ ከክልከላው ያወጡት በዚህ መነሻ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮትም በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስተዋለው፣ ልጅ የሙጥኝ ያለው ነገር ከጊዜ በኋላ ሳይለቀስለትም ሳይረሳም ትርጉሙን ያጣል። እንዲህ በሰላም የሚተው ጣዖት አላውቅም።

የሚከብደው የዓይኑ ነገር ነው። ይህን ፈርተው ፊቱን ባዶ የሚተዉ ሙስሊም ሠሪዎች አሉ፤ ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዓይን ተራ ነገር እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ቢሆንም ፊት አልባነትን ግዴታ ማድረግ አይታየኝም። ያ ዓይን ከሕፃኑ የሚያወጣውን ነገር ማየት ይበቃል፦ ብርድ እንዳይመታው ነጠላ ይደርብለታል፣ ከራሱ ቆርሶ ያጎርሰዋል፣ ጆሮው ሲተረተር ደግሞ ይዞ ወደ እናቱ ይሮጣል።