ዶሮዋ ታመልጣለች ወይ?

ተወልጄ ያደግሁት በ2016 ዓ.ም. በፈረሰው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ ነው። ዛሬ ለኮሌጅ ተማሪዎች የቪዲዮ ጌም ሥራ አስተምራለሁ። ኮድ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛና ድርሰት ጸሐፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የማሳያቸው አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ»ን ነው፤ ዶሮ ከአሳዳጇ የምትሸሽበትን የስልክ ጨዋታ። ለሰፈሬ ልጅ ይህ ሩጫ ሆድ ያባባል።

በቅርቡ አንድ ቡድን ስለሚፈርስ ሰፈር ጨዋታ መሥራት ጀመረ። ኮድ ጸሐፊው ተጫዋቹ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ቤቱ እንዲፈርስ አደረገ። ሠዓሊዋ እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ታዲያ ምርጫ ያልነው ምኑን ነው?» አለችው። ፈጣሪ መጨረሻውን ካወቀ ሰው እንዴት ነፃ ይሆናል? አባቶች የተከራከሩበት ጥያቄ ሳይጠራ ክፍላችን ገባ።

ገበጣ አወጣሁ። ገበጣ ላይ ዕጣ የለም፤ ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ይታያል፣ ሕጉም ጥብቅ ነው። የትኛውን ጉድጓድ እንደምታነሣ ግን ማንም አያዝህም። ነፃነትን የሚገድለው ሕግ አይመስለኝም፤ ነፃነት የሚሞተው የምንመርጠው ነገር ምንም የማይለውጥ ሲሆን ነው። ይህን በብርቱ አምናለሁ፤ ጨዋታ ሠሪም በተጫዋቹ ፊት ተጠያቂ ነው።

እስከዚያ ዝም ያለው ሙዚቀኛ፣ «ቤቱ ይፍረስ። ከመውጣቱ በፊት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ግን ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ፤ የከፈተለት ጎረቤት ድምፅ እስከ መጨረሻው ይከተለው» አለ።

ሠዓሊዋ በሮቹን መሣል ጀመረች።