አገኘ የሚባለው ማነው?

የባሕር ኃይል መርከብ ያልደረሰበት ባሕር «ያልታወቀ» ነው እንዴ? በ1845 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰር ጆን ፍራንክሊንን በሁለት መርከቦች ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ሰደደ። ወደ በረዶው ከገቡት 129 ሰዎች አንድም አልተመለሰ። ኢኑይቶች ግን በዚያው በረዶ ላይ ልጅ ያሳድጉ ነበር።

በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ሐኪም ከኢኑይቶች የሰማውን ይዞ መጣ፤ ነጮቹ በረሃብ አለቁ፣ በመጨረሻም የሞተ ባልንጀራቸውን ሥጋ በሉ የሚል። ለንደን ተቆጣች። ዝነኛው ደራሲ ዲከንስ ሳይቀር ለባሕረኞቹ ክብር ብዕሩን መዘዘ፤ «የአረመኔ ወሬ እንዴት ይታመናል!» ነው ነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አጥንቱ ሲመረመር የቢላዋ ምልክት ተገኘበት። ከመርከቦቹ አንዷ ኤሬበስም በ2014 የተገኘችው ኢኑይቶች ሲያመለክቱ በኖሩበት አካባቢ ነው። ለመሆኑ ምስክርነት የሚመዘነው በመስካሪው ልብስ ነውን?

እኛ የዳንግላ ልጆች በእንግሊዝ ብቻ መፍረድ አይሆንልንም። ከ1925 እስከ 1934 ከተማችን ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ እየዞረ ካርታ አነሣ። ደክሟል፤ አንክድም። ዓባይን «አጠና» ስንል ግን እኛም የምንጠራው የሱን ስም ብቻ ነው። መልካውን እየለየ ሲሻገር የኖረው ገበሬስ? ከመካከላችን የአንዱን በቅሎ ነጂ ስም እንኳ የሚያውቅ አለ?