ላረጀ ተጫዋች ቦታ መስጠት ይገባልን?

ሰው በጕልበቱ ጊዜ ከጓደኞቹ ሁሉ በላይ ሆኖ ከታየ በኋላ፣ ጕልበቱ ሲጎድል በዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢገኝ፣ የሚያዩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይፈርዱበታል። አንዳንዶቹ ያላግጡበታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስለ ቀድሞው ክብሩ ሲሉ ያዝኑለታል። የሚያላግጡትም የሚያዝኑትም ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራሉ እንጂ ዛሬ ምን ሥራ እንደ ያዘ አይጠይቁም። ይህን ለማስረዳት ምሳሌዬን ከጥንት ፈላስፎች አላመጣም፤ ወጣቶች አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ አብልጠው ከሚያውቁት ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ እወስደዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቴክሳስ የሚገኘው የሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ዓ.ም. አንድ የ42 ዓመት ሰው በተጠባባቂነት አስፈረመ። ይህም ሰው በ2024 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ያረፈው የኮንጎ ተወላጅ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲሜትር ነበረ። በኪንሻሳ በኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት ቤት ተምሮ (እኔም የሚሲዮን ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ) በ1987 ዓ.ም. ሐኪም ለመሆን አስቦ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ግን ቁመቱ ወደ ኳስ ሜዳ ወሰደው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ 18 የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ ከተከላካዮች ሁሉ የበለጠ ነው ተብሎም አራት ጊዜ ተሸለመ። ባላጋራ ወደ ቅርጫቱ የወረወረውን ኳስ በአየር ላይ መትቶ በማክሸፍ 3,289 ጊዜ ተመዝግቦለታል። ይህ በመዝገብ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ከእርሱ የሚበልጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በዚያው በሂዩስተን ስሙን የተከለው የናይጄርያ ተወላጅ ሃኪም ኦላጁዎን ነው።

ሙቶምቦ ኳሱን ከመለሰ በኋላ ሌባ ጣቱን ቀስሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘው ነበር፤ እናት ማር ሊሰርቅ እጁን የሰደደውን ልጇን እንደምትከለክለው ማለት ነው። በኋላም በባላጋራ ፊት ጣት ማወዛወዝ እንደ ስድብ ተቈጥሮ ሲከለከል፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ያወዛውዝ ጀመር። ሕግን እንዲህ አድርጎ ማክበር መምህርን የሚያስደስት ባይሆንም ተመልካቹ ወደደለት።

ወደ ሂዩስተን የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚያ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ዋናው ሰው ቁመቱ 2 ሜትር ከ29 ሳንቲሜትር የሆነው የቻይናው ያኦ ሚንግ ስለ ነበረ፣ ሙቶምቦ የእርሱ ምትክ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡድኑ 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ሳለ የያኦ የእግሩ አጥንት ተሰነጠቀና ከዓመቱ ውድድር ወጣ። በቦታው የ41 ዓመቱ ሰው ገባ። ቡድኑም በእርሱ ጊዜ 10 ጨዋታ ጨምሮ 22 አደረሰው፤ ይህም በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በ1971 እና በ1972 ዓ.ም. መካከል ካሸነፈው 33 ጨዋታ ቀጥሎ ከሁሉ የበለጠው ቍጥር ነበረ። ነገር ግን የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ ውሉም አለቀ። አዲሱ ውድድር ሲጀመር ሙቶምቦ ቡድን አልነበረውም፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ሂዩስተን መልሶ ወሰደው።

እንግዲህ የደጋፊዎቹ ክርክር እዚህ ላይ ነው። የሚያላግጡት ዕድሜውን ያዙ። በአርባ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ መባሉ እኔን ያስቀኛል፤ በዚያ ጨዋታ ግን በዚያ ዕድሜ የሚሮጥ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው የእኛ ምሳሌ በእነርሱም አገር በሌላ ቃል ይነገራል። ከዚህም አልፎ እውነተኛው ዕድሜው በወረቀት ከተጻፈው ይበልጣል እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ። ይህ ቀልድ ለብዙ ዓመት የተከተለው ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ ሰው የልደት ቀኑን ያውቃል ብሎ ማመን ለምን እንደ ቸገራቸው ፈራጁ አንባቢ ነው።

የፌዘኞች ኃጢአት ውሸት መናገራቸው አይደለም። የሙቶምቦ እግር መዘግየቱ እውነት ነው፤ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ከወጣቶች ጋር ሲሮጥ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። በደላቸው ዕድሜውን ከቈጠሩ በኋላ ሌላ ምንም መቍጠር አለመፈለጋቸው ነው። ይኸው ሰው በማርች 2007 ዓ.ም. የ40 ዓመት ሰው ሳለ ከዴንቨር ጋር በተደረገው ጨዋታ ከቅርጫቱ የነጠረውን ኳስ 22 ጊዜ ለቅሟል፤ በዚያ ዕድሜ በአንድ ጨዋታ ከ20 በላይ የለቀመ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ነገር ግን ጥርሱን ብቻ አይቶ አይመለስም፣ ጠምዶ ይሞክረዋል።

የሚያመሰግኑት ወገኖች ከእነዚህ የተሻሉ ናቸው። የ10ሩን ጨዋታ ውለታ አስታወሱ፤ ያን ጣት እንደ ገና ለማየት ናፈቁ። አንዳንዶቹም በእናቱ ስም በኪንሻሳ ስላሠራውና በ2007 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው 300 አልጋ ስላለው ሆስፒታል አነሡ። ምስጋና የማያውቅ ሰው ከእንስሳ አይሻልምና ይህን ስሜት አልነቅፍም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ምስጋናውን የምትከፍሉት በማን ገንዘብ ነው? በዚያን ጊዜ በአንድ ቡድን ውስጥ የሚመዘገቡት ተጫዋቾች ከ15 አይበልጡም ነበር። ከአሥራ አምስቱ ወንበር አንዱን ለውለታ መክፈያ ብትሰጡ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እናንተ ሳትሆኑ ወንበሩን የሚያጣው ሌላ ሰው ነው። ስለ ሆስፒታሉ ሰውየውን ማክበር ግዴታ ነው፤ ሆስፒታል ማሠራት ግን ኳስ ለማክሸፍ ማስረጃ አይሆንም። ውለታ የሚከፈልበት ሌላ መንገድ አለ። አትላንታ በ2015፣ ዴንቨርም በ2016 ዓ.ም. ይለብሰው የነበረውን 55 ቍጥር ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ብለው በአዳራሻቸው ሰቅለውለታል። ይህ ንጹሕ ምስጋና ነው፤ ከማንም አፍ እንጀራ አልነጠቀም።

ታዲያ በፌዝም በምስጋናም ካልተፈረደ በምን ይፈረድ? የተጠባባቂ ሥራ ምን እንደ ሆነ በማወቅ ነው።

በዚያ ውድድር የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፤ በሜዳው ላይ ከየወገኑ አምስት አምስት ሰዎች ይቆማሉ። ተጫዋች ስድስት ጊዜ ጥፋት ከሠራ ይወጣል። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅም ሰው ሁሉ የሚመጣበት በር ጠባቂ ስለ ሆነ፣ ጥፋትም የሚበዛበት፣ ቶሎ የሚደክመውም እርሱ ነው። ስለዚህ ምትክ ያስፈልገዋል። ምትኩ የሚሠራው ግን በጨዋታው ቀን ብቻ አይደለም። በየዕለቱ በልምምድ ጊዜ ዋናው ተጫዋች የሚታገለው ከማን ጋር ነው? ያኦ ሚንግን የሚያህል ሰው እንደ ልቡ የሚገፋው፣ የሚገፋውም ሰው ከየት ይገኛል? በአዳራሽ የተሰበሰበው ተመልካች ያኦን ሲያጨበጭብለት፣ ያን ብልሃት ጠዋት በባዶ አዳራሽ ያስጠናው የሌላ ሰው ትከሻ መሆኑን አያይም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መቀመጡ ነው። መቀመጥ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ጉልበቱ ደርቆ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ከተቀመጠ በኋላ አሠልጣኙ ስሙን በጠራው ጊዜ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ከመጀመሪያው ሲሮጥ እንደ ነበረ ሰው ሆኖ እንዲገኝ ይፈለግበታል። ባይጠራ ደግሞ በማግሥቱ እንደ ገና መዘጋጀት አለበት። ሙቶምቦ በዚያ በመጨረሻው ዘመን ከመደበኛው ውድድር በ9 ጨዋታ ብቻ ነው የገባው። ፌዘኛው ይህን ቍጥር አንሥቶ «ደመወዙን በከንቱ በላ» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያደረ ዘበኛ፣ ሌባ ስላልመጣ ደመወዙን በከንቱ በላ ይባላልን? ያላየነው ሌባ ዘበኛውን አይቶ እንደ ተመለሰ ማን ያውቃል?

ይህን ሥራ ለወጣት ማሠራት ይቻላል፤ ግን ወጣት ልቡ በወንበር ላይ አይረጋም፤ መነሣት ይፈልጋል፣ መፈለጉም ደግ ነው። አንድ ጊዜ የነበረበትን ከፍታ የሚያውቅ፣ ስሙ በመዝገብ የተጻፈለት ሰው ግን አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ሳይኰራም ሳያኰርፍም ቢቀመጥ፣ ከአጠገቡ የተቀመጡት ወጣቶች በቃል ሊነገራቸው የማይቻለውን ነገር በዓይናቸው ያያሉ። ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። በቀድሞው ስሙ እየተመካ ወጣቱን የሚያንቋሽሽ ሽማግሌም አለ፤ እንዲህ ያለውን ቡድኑ ነገ ሳይሆን ዛሬ ቢያሰናብተው ይሻላል።

በአፕሪል 2009 ዓ.ም. ሂዩስተን ከፖርትላንድ ጋር በማጣሪያው ውድድር ገጠመ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሙቶምቦ 18 ደቂቃ ገብቶ የነጠረውን ኳስ 9 ጊዜ ለቀመ። በሁለተኛው ጨዋታ ግን በግራ ጉልበቱ ላይ ክፉ ጉዳት ደረሰበትና ሰዎች ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ሂዩስተን ያን ግጥሚያ 4 ለ 2 አሸነፈ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከመጀመሪያው ዙር ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነበረ።

እዚህ ላይ ነገሬን ባቆም ለአረጋዊው ያደላሁ ይመስላል፤ እኔም ጡረተኛ ነኝና በዚህ ክርክር ፍርዴን ሰው ቢጠራጠር እውነት አለው። ስለዚህ ከሁሉ የጠነከረውን ተቃውሞ ልናገር። ከፖርትላንድ በኋላ ሂዩስተን ከሌከርስ ጋር ገጠመ። በሦስተኛው ጨዋታ ያኦ እንደ ገና እግሩ ተሰበረ፤ ሙቶምቦም የለም። ከቅርጫቱ ሥር የቆመው ቻክ ሄይስ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ ይህ እንደ ድንክ መቈጠር ነው። በ2005 ዓ.ም. ቡድኖች ወጣቶችን ሲመርጡ ማንም ሳይመርጠው የቀረ ልጅ ነበረ። እርሱ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ፣ ባልንጀሮቹም እየረዱት፣ ሂዩስተን የዚያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን በአራተኛውና በስድስተኛው ጨዋታ አሸነፈ፤ የተሸነፈው በሰባተኛው ነው። እንግዲህ «ያለ ረጅም ሽማግሌ አይሆንም» የሚለው አነጋገር ምን ዋጋ ቀረው? ወጣት ዕድል ሲያገኝ ማንም ያልጠበቀውን ይሠራል።

ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። ሆኖም ሄይስ ወንበር አላጣም፤ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩን ያጣው ስሙን የማናውቀው ሌላ ወጣት ነው፤ በዲሴምበር 31 ቀን ስልኩ ይጮኽ እንደ ሆነ ሲጠባበቅ ያልጮኸለት። ስለ ሽማግሌው የሚከራከሩት ደጋፊዎች ሁሉ፣ ፌዘኞቹም አመስጋኞቹም፣ ይህን ልጅ አላነሡትም፤ ምክንያቱም የማይታይ ሰው ደጋፊ የለውም። ቡድኑ ሙቶምቦን ያስፈረመው ለቀረው የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ያኦም እግሩ የሚታመን አልነበረም፤ በዚያ ወንበር ያን ጊዜ የሚፈለገው የሚያድግ ሰው ሳይሆን ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው ነበረ። እኔ ዳኛ ብሆን ለሽማግሌው እፈርድ ነበር። ያ ወጣት ይግባኝ ቢል ግን አልቈጣውም፤ መዝገቡንም አልዘጋበትም።