«ወራጅ አለ» እንደምንለው

ልጄ፣ ዘንድሮ ክረምት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰሽ ዜብራ ላይ መንገደኛ እያሻገርሽ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ጎሽ! አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው የሚበዛው እግረኛ ነውና ሥራሽን ማንም አያቃልልብሽ። አሁን ደግሞ ከጓደኞችሽ ጋር «ወጣት ሾፌሮችን እናስተምር» ብላችሁ ተነስታችኋል አሉ። እኔም በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ተጎታች ስነዳ ያረጀሁ ነኝና ስለ ሾፌር ጠባይ ጥቂት ላውጋሽ።

ሾፌር ስብከት አይወድም። ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የያዘ ልጅ፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ነው። ማታ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ያስረክባል፣ ነዳጁን ይሸፍናል፣ ረዳት ካለው ይከፍላል፤ የተረፈችው የእሱ ናት። አንድ ምልልስ ብትጎድል የምትጎድለው ከእሱ ኪስ ነው። ይህን ልጅ «ሕይወት ከገንዘብ ይበልጣል» ብትዪው «ልክ ነሽ» ይልሽና ነዳጁን ይረግጣል።

ስለዚህ በሚያውቀው ሂሳብ ግቢበት። 10 ኪሎ ሜትር በ60 ፍጥነት 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ80 ሰባት ደቂቃ ተኩል። ትርፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው፤ እሷንም የሚቀጥለው መብራት ይበላታል። ኪሳራውስ? በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ80 ከ22 ሜትር ያልፋል። ሾፌሩ ሕፃን ዘሎ ሲገባ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ያቺ ሰከንድ አልፋለች። ፍሬን ከያዘ በኋላ ደግሞ መኪናው በ80 ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በ60 ከሚፈልገው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በቃል ብቻ አትንገሪው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ማዞሪያው ላይ መሬቱን ለኩለት። ጫፉን ራሱ ይያዝ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ግን ተሳፋሪውን ነው። ኬንያ ውስጥ ማታቱ የሚባሉ፣ እንደኛው ታክሲ የሚጋልቡ ሚኒባሶች አሉ። ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን መዝግበው ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ ተሳፋሪው አጉል አነዳድ ሲያይ ዝም እንዳይል የሚያደፋፍር ተለጣፊ አደሉ። ተለጣፊውን ሳይቀድ ለሚያቆይ ሾፌር ሎተሪ አዘጋጁለት፤ ይቺ ብልሃት ደስ ትለኛለች። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ተለጣፊው በተሰጣቸው መኪኖች ላይ የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀንሷል።

የኛ ተሳፋሪስ? ሾፌሩ ሲከንፍ የፊቱን ወንበር ጨብጦ በሆዱ ስለት ይሳላል። መውረጃው ሲደርስ ግን «ወራጅ አለ!» ብሎ ጣሪያውን ይሰነጥቀዋል። ድምፁ ሞልቶታል ማለት ነው። ያንኑ ድምፅ «ሾፌር፣ ቀስ በል!» ለማለት ቢያወጣው ምን ነበረበት? ብቻውን የተናገረ «ካልተመቸህ ውረድ» እንደሚባል አውቃለሁ። ለዚህ ነው እናንተ የምታስፈልጉት፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተሳፈሩ፤ አንዷ ትጀምር፣ ሌላው ከኋላ «እውነቷን ነው» ይበል። ከዚያ ወዲያ እናቶቹ ራሳቸው ይረከቧችኋል። ስድብና ማመናጨቅ ግን የለም፤ «ወንድሜ» በሉት።

ሾፌሩንም ክፉ አድርገሽ አትዪው። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ካለ፣ ከማያውቀው መኪና ጋር ሲተላለፍ መብራት ብልጭ አድርጎ የሚያስጠነቅቅ ሰው እኮ ነው! ያቺ መብራት መንገድ ላይ ለወጡ ከብቶች፣ ከትምህርት ቤት ለሚለቀቁ ልጆችም እንድትበራ ለምኚው። ቀበቶን ትራፊክ ሲያይ ብቻ የሚስበውንም፣ ቀበቶው ከፊት ለሚቀመጥ ሰው የሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ንገሪው። ጠጥቶ የሚነዳ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ምክር አታባክኑ፤ ቁልፉን ተቀበሉት።

ለራስሽም ተጠንቀቂ። መኪና ለማስቆም መሀል መንገድ አትግቢ፤ ያ የፖሊስ ሥራ ነው። አደጋ ከደረሰ የተጎዳውን እጅና እግሩን ይዘው ፒክአፕ ላይ እንዳይወረውሩት ተከላከዪ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውዪ። ስልክሽ ለዚህ ይሁን፣ ለቪዲዮ አይሁን።

ማዞሪያ የምትሄዱትም ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ሠራተኛው ሲጋፋ ማንም አይሰማችሁም፤ ረፋድ ላይ ግን ሾፌሩ ተራ ይዞ ሻይ ይጠጣል። ያን ዕለት ሰደርያውን ቤት ተዪው፤ ደንብ አስከባሪ መጣች ብሎ ሻዩን ጥሎ ይነሳብሻል።