ዐውቆ መመለስ

ሰው አንድን ኑሮ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ባለማወቅ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ጎጆ ሲወጡ የሚጠብቃቸውን ደስታም ሆነ ችግር አያውቁትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ድፍረት ቢባልም፥ እኩሌታው ድፍረት፥ እኩሌታው አለማወቅ ነው። ነገር ግን መከራውን አይተው፥ ቀምሰው፥ ከሞት አፍ ተርፈው የተመለሱ ባልና ሚስት ወደዚያው ኑሮ እንደ ገና ለመሄድ ስንቃቸውን ሲያሰናዱ ባየን ጊዜ፥ ሌላ ጥያቄ ይነሣብናል። እነዚህ ሰዎች ብርቱዎች ናቸውን ወይስ ግትሮች? ከሁለቱ አንዱስ ሌላውን ወደ ታወቀ አደጋ ይዞት ሊሄድ ይገባዋልን? ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንን ነው።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለዋል። ተረቱ የሰውን ጠባይ በትክክል ይገልጻል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በልጥ እየደነበረ ቢቀር ኖሮ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የሚኖር ገበሬ በረዶ አዝመራውን ከመታበት በኋላ ሞፈርና ቀንበሩን ባላነሣ ነበር። እስቲ ያን ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ጎተራው ጎድሏል፤ የቀረው ለዘር የተቀመጠው በቆሎ ነው። ባልና ሚስቱ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይማከራሉ። ዘሩ ይበላ ወይስ ይዘራ? ዘሩን ለይታ ያስቀመጠችውም፥ የልጆቹን ራት የምትሰፍረውም ሚስት ናት። ስለዚህ ባልየው በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት የእርሷን ቃል መስማት አለበት። እርሷ ሳትመክርበት የተዘራ ዘር፥ ምንም እንኳ በኋላ ቢያፈራ፥ በመጀመሪያ ከልጆች አፍ የተነጠቀ እህል ነው። ተማክረው የዘሩት እንደሆነ ግን፥ ረኃቡም ተስፋውም የሁለቱ ይሆናል።

የዚሁ አገር ውኃም ተመሳሳይ ትምህርት ያሳየናል። ከመርዓዊ አጠገብ ቆጋ በግድብ ተይዟል፤ ሥራው ሲታቀድም 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነው። ወንዙ ግን መንገዱ ወደ ግልገል ዓባይ ነው፤ ግልገል ዓባይም ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል። በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው። ደንገል ቀላል በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ውኃ ይጠጣል፥ ይከብዳልም። ባለ ታንኳው ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ የማይሆን ሲሆንም ትቶት አዲስ ያስራል። ይህን ጥበብ ከልጅ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸው አይሰጥምም፥ ለዘላለም ይኖራልም ብለው አይሳፈሩም። አላፊ መሆኑን ዐውቀው፥ ስለዚህም እየተጠነቀቁ፥ ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ዐውቆ መመለስ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ከታንኳው ወደ ታላቁ ውቅያኖስ ብንሻገር፥ ጥያቄያችንን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠብቀውን ታሪክ እናገኛለን። ማይልስ ስሚተንና ሚስቱ ቤሪል እንግሊዛውያን ነበሩ። ዙ ሃንግ የተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ነበረቻቸው፤ ርዝመቷ 14 ሜትር ያህል ነው። ቤታቸውም እርሷ ነበረች። በ1956 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በታኅሣሥ ወር፥ ጆን ጉዝዌል ከተባለ ወዳጃቸው ጋር ከአውስትራሊያ ተነሥተው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለውን ኬፕ ሆርንን ሊዞሩ ጉዞ ጀመሩ። በየካቲት 14 ቀን 1957 እጅግ ታላቅ ማዕበል መርከቢቱን አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቶ ገለበጣት። በዚያች ሰዓት መሪውን ይዛ የነበረችው ቤሪል ወደ ባሕር ተወረወረች፤ ቆስላም ሳለ ዋኝታ ወደ መርከቢቱ ደረሰች። ምሰሶዎቹ ተሰብረው፥ የክፍሉ ጣራ ተነቅሎ፥ ውስጡ በውኃ ተሞልቶ ነበር። ሦስቱም በባልዲ እየቀዱ አፈሰሱት፤ የተሰበረውንም እየጠገኑ ቺሊ ደረሱ።

ማንም ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል ይላል። ነገር ግን ባልና ሚስቱ ወራት ፈጅተው መርከባቸውን አሳደሱ፤ አዲስ ምሰሶ አቆሙ፤ የተነቀለውንም አጠናከሩ። ወዳጃቸው ጉዝዌል ወደ ራሱ ትንሽ መርከብ ተመልሶ ነበር፤ በእርሷም ብቻውን ዓለምን ዞሮ በ1959 ጉዞውን ፈጸመ። እነርሱ በታኅሣሥ 1957 ሁለቱ ብቻ እንደ ገና ተነሡ። ወሩም ሳያልቅ መርከቢቱ ዳግመኛ ተገለበጠች፤ ምሰሶዎቿም ዳግመኛ ተሰበሩ። በብዙ ድካም ቫልፓራይሶ ገቡ። ማይልስ በ1959 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ሲያወጣው ስሙን «አንዴ ይበቃል» አለው። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሰው እንዲህ ያለ ስም መስጠቱ በራሱ ላይ መሳቁ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርብልናል። ገበሬው ወደ እርሻው የሚመለሰው ሌላ መተዳደሪያ ስለሌለው ነው፤ የጣናም ዓሣ አጥማጅ እንዲሁ። እነዚህ ባልና ሚስት ግን የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ደግሞም ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ በእነዚያ ሁለት ጉዞዎች ከእነርሱ ጋር አልነበረችም። ወላጆቿ ባይመለሱ ኖሮ ዕዳው የሚወድቀው በእርሷ ላይ ነበር። ታዲያ ይህ እግዚአብሔርን መፈታተን አይደለምን?

ተቃውሞውን አንንቀውም። በችግር የሚመለስና በፈቃድ የሚመለስ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ሁለተኛው ግን የሚመልሰው ጥያቄ አለበት። የሰው ሕይወት የራሱ ብቻ አይደለምና፥ የወላጅ ድፍረት ሁልጊዜ ከልጁ ድርሻ የተቆረሰ ነው። በዚህ ረገድ ስሚተንና ሚስቱ ትክክል ነበሩ ለማለት አንደፍርም።

ነገር ግን በአንድ ነገር አንወቅሳቸውም፤ አንዱ ሌላውን እንደ ጓዝ ጭኖ አልሄደም። ቤሪል ከጋብቻዋ በፊት ብቻዋን ብዙ አገር የዞረች ሴት ነበረች። ማዕበሉ የጣለው እርሷን ነበርና፥ የአደጋውን ልክ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። ባሕሩን በሥጋዋ ዐውቃው ሳለ ወደ መርከቡ መመለሷ፥ ምርጫው የሁለቱም መሆኑን ያሳያል። በ1968 ዕድሜያቸው ከስልሳ ካለፈ በኋላ፥ በዚያችው መርከብ ኬፕ ሆርንን ዞሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዳችን በዚህ ድል ላይ የቆመ አይደለም። ቢሰጥሙም ኖሮ ጥያቄው ያው ነበር፤ ውጤት የሥራን ደግነት አይወስንምና።

እንግዲህ ወደ ከባድ ኑሮ ዳግመኛ ለመሄድ የሚሰናዳ ሁሉ፥ መርከብ ይሁን እርሻ፥ ስደት ይሁን ንግድ፥ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ እንላለን። ባለፈው የሰበረን ምን ነበር? ያንን በእውነት ጠግነነዋልን፥ ወይስ ረስተነዋል? አብሮን የሚሄደውስ እሺ ያለው በነጻ ፈቃዱ ነውን፥ ወይስ እንቢ ለማለት አፍሮ? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ ቤት የሚፈርሰው በማዕበል ሳይሆን፥ ከመነሻው ቀን በፊት ሳይነገር በቀረ አንድ ቃል ነው።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ባሕር ቢቀዱም እንስራዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ምን ያህል እንደሚችል ሌላው ሊገምትለት አይገባም። መጠየቅ አለበት፤ መልሱንም መጠበቅ አለበት። ሸራው የሚዘረጋው፥ ዘሩም ከጎተራ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።