ወረቀቱ በማን እጅ ነው?



በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ብድር ነው፦ ስትዋዋሉ ጻፉት፣ ምስክርም አቁሙ ይለናል። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዝን፣ የሰው ነፍስ ባለችበት ጉዳይማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

በየቤታችን የሚሆነውን እናስብ። አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት ታገኛለች። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱን የሚቀበለው ልጇ ነው። ቤተሰብ ጓዳ ገብቶ ይመክራል። «ካንሰር መሆኑን ከሰማች ትሰበራለች» ይባልና ለእሷ «ትንሽ ቁስል ነው» ይነገራታል። ከዚያ ወረቀቱ ይበታተናል። የፓቶሎጂው ውጤት ታላቅ ወንድም ጋ፣ የደም ምርመራው አጎት ጋ፣ የሪፈር ወረቀቱ ሌላ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙ «ባለፈው ምን መድኃኒት ወሰዱ?» ሲላት መልስ የላትም። ሰውነቱ የእሷ ነው፤ ስለ ሰውነቷ የማታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

ይህ ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ግን እዝነት ሐቅን ይነጥቃል ወይ? ሕመሙን ያወቀ ሰው የሚሠራው ብዙ ነው። ዕዳውን ይከፍላል፣ የተቀየመውን ዐፍው ይላል፣ ከሀብቱ እስከ ሲሶው ድረስ ለበጎ ሥራ ይናዘዛል፣ ለልጆቹ የሚለውን ይላል። እኛ ስንደብቀው እነዚህን በሮች በእሱ ስም እንዘጋቸዋለን። ይህን እንድናደርግ ማን ፈቀደልን?

እርግጥ ነው፣ እውነትን እንደ ድንጋይ መወርወር አይገባም። «ዝርዝሩን አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩት» የሚል ታማሚም አለ። ይህም ሐቁ ነው። ቁም ነገሩ መጀመሪያ እሱን መጠየቁ ላይ ነው፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ? ወረቀቱን ማን ይያዝልሽ?» እሷ የመረጠችው ሰው የዚያን ጊዜ አሚን ነው። በእጁ ያለውም የእሷ አማና ነው።

አማና ደግሞ ሥርዓት ይፈልጋል። አንድ ደብተርና አንድ ፎልደር ይበቃል። የፓቶሎጂው ውጤት ዋናው ይቀመጥ፣ ፎቶውም በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር። የመድኃኒቱ ስም፣ የተወሰደበት ቀን፣ ያስከተለው ሕመም ይጻፍ። ቤት ውስጥ የምንሰጠው ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ቅጠል ሳይደበቅ ይመዝገብ፣ ለሐኪሙም ይነገር። «ረመዳንን መጾም እችላለሁ?» የሚለውን ጨምሮ ጥያቄዎች ከቀጠሮው በፊት ይጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ ይህ በትልቁ ይስፈር፦ ኬሞ የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን ሊገድል ይችላል። ወዲያው ሆስፒታል ሄዶ «ኬሞ ላይ ነኝ» ማለት ያስፈልጋል።

«ሁሉም በአላህ እጅ ነው፤ ደብተር ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሺፋ ከአላህ ነው፣ በዚህ አንጠራጠርም። ግን ዱዓ አድርገን ዘር እንዘራለን፣ ተወኩል አድርገን በር እንቆልፋለን። ወደ ታማሚው ስንደርስ ብቻ ለምን ሰበቡን እንተወዋለን? ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬም ከሩቅ ክልል ለሕክምና የሚመጣው ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቤት የተረሳች አንዲት ወረቀት ሌላ የአውቶቡስ ትኬት፣ ሌላ የአልጋ ኪራይ፣ ሌላ የጠፋ ሳምንት ናት።

አስታማሚውንም አንርሳው። ዚያራ ስንሄድ ጁስና ብርቱካን ይዘን፣ ዱዓ አድርገን እንመለሳለን፤ አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ነው። አንድ ጥያቄ ግን እንጨምርበት፦ «ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? እኔ ልውሰዳት፤ አንተ ያን ቀን እረፍ።» ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጅ ሐኪሙ የተናገረውን ግማሹን አይሰማም። አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍለት ሰው ትልቅ ሰደቃ ሰጥቶታል።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቤታችን ወይም ጎረቤታችን ያለውን ታማሚ እናስብ። ስለ ራሱ ሕመም ምን ያህል ያውቃል? ወረቀቱስ በማን እጅ ነው? እሱስ ፈቅዷል?

ያ አላህ፣ ለታመሙት ሁሉ የተሟላ ሺፋ ስጣቸው፤ ለአስታማሚዎቻቸው ሶብርና ብርታት ለግሳቸው፤ እኛንም አማና ጠባቂዎች አድርገን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።